አልጋውን ሳይሆን ቀበቶውን ቁጠሩ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ የአር ቪ፣ ማለትም አልጋና ወጥ ቤት ያለው የጉዞ መኪና፣ ኪራይ መስመሮች ይበዛሉ። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ «8 ሰው ያስተኛል፣ ለቤተሰብ ይመቻል፣ ፍል ውሃ ደርሶ ለመመለስ» ብለው ስልክ ቁጥር ያስከትላሉ። እኛ እዚሁ ኮሎራዶ እነዚህን መኪናዎች በማከራየትና በመጠገን የምንተዳደር ነን። ማስታወቂያው ውሸት ነው አንልም። ነገር ግን ከዴንቨር ወይም ከኦሮራ ተነስቶ ግሌንውድ ስፕሪንግስ ፍል ውሃ ደርሶ ለሚመለስ ቤተሰብ የአልጋው ቁጥር ብዙም አይጠቅመውም። መጠየቅ ያለበት የመቀመጫ ቀበቶውን ብዛት፣ የመኪናውን ርዝመትና የማይሉን ዋጋ ነው።

ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው፣ ክላስ ሲ የሚባለው ዓይነት፣ 8 ሰው ቢያስተኛም ቀበቶው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። መኪናው እየሄደ ማንም ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ አልጋ ላይ መተኛት የለበትም። ቀበቶ ያለው መቀመጫ ሁሉ ደግሞ ለልጅ መቀመጫ አይሆንም። ከምግብ ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ካሉት አግዳሚዎች አንደኛው ወደ ኋላ የዞረ ነው፤ ሶፋው ደግሞ ወደ ጎን ያያል። የልጅ መቀመጫ የሚታሰረው ወደ ፊት በሚያይ ወንበር ላይ ብቻ ነው። በኮሎራዶ ከ2025 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በልጅ መቀመጫ ወይም ከፍ በሚያደርግ (ቡስተር) መቀመጫ መሄድ አለበት። ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ «6 ቀበቶ አለው» ተብሎ ተከራይቶ፣ ለልጆች የሚሆነው ቦታ ሁለት ብቻ መሆኑን የሚያውቀው መኪናውን ሊረከብ በመጣበት ቀን ነው። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የአግዳሚውን ፍራሽ አንሡና ቀበቶው የተበየደበትን ብረት እዩ። ከሥር ያለው የእንጨት ሳጥን ብቻ ከሆነ እዚያ ላይ ልጅ አታስቀምጡ።

ርዝመትን በተመለከተ ምክራችን ቁርጥ ነው፤ ለዚህ መንገድ ከ25 ጫማ በላይ አትከራዩ። ሁለት ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ ባለ 30 ጫማውን መውሰድ ልማድ ሆኗል። በረጅሙ ክላስ ሲ ከኋላ ጎማው በስተኋላ የተንጠለጠለው አካል ረጅም ነው። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ጅራቱ ወደ ግራ ይወረወራል። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቢጫውን ምሰሶ የሚገጨው ይኸው ጅራት ነው፤ ሾፌሩ ፊት ፊቱን እያየ ስለሆነ ግጭቱን የሚሰማው ድምፁ ሲመጣ ነው። በአይዳሆ ስፕሪንግስና በኢምፓየር መካከል በአይ-70 አውራ ጎዳና ግራ ጠርዝ ያለው ባለክፍያ መስመርም ከ25 ጫማ በላይ ለሆነ መኪና አይፈቀድም። ከመንዳታችሁ በፊት የመኪናውን ቁመት በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ክላስ ሲ ከ11 እስከ 12 ጫማ ይደርሳል፤ የፓርኪንግ ሕንፃና በመኪና ሆኖ ምግብ የሚታዘዝበት ጣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ። ከዴንቨር እስከ ግሌንውድ ወደ 160 ማይል ነው። ዴንቨር 5,280 ጫማ ከፍታ ላይ ናት፤ 60 ማይል ያህል እንደተሄደ የአይዘንሃወር ዋሻ ይመጣል። የዋሻው ምዕራባዊ አፍ 11,158 ጫማ ላይ ነው። ሰው ዳገቱን ይፈራል። ዳገቱ ሞተር ያሞቃል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ፍጥነት ወደ 40 ማይል ያወርዳል፤ ከዚያ የባሰ ጉዳት ግን ብዙም አያደርስም። በቀኝ መስመር ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ የካቢኑን ኤሲ አጥፉ። ሰው የሚጎዳው ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን ሲወርድ ነው፤ 8 ማይል ያህል ያለማቋረጥ፣ ተዳፋቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ። ከዚያ በኋላ ቬይል ፓስ ከተባለው የተራራ ማለፊያ፣ ከ10,662 ጫማ፣ ሌላ ረጅም ቁልቁለት አለ።

እንደ ቤት መኪና ፍሬን ላይ እግርን አሳርፎ መውረድ እዚህ አይሠራም። ከ12,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን መኪና በፍሬን ብቻ ሲያዝ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል፤ ፔዳሉ እየላላ ይሄድና በመጨረሻ ወለል ይነካል። ትክክለኛው አወራረድ እንዲህ ነው። ከዋሻው ሳትወጡ ፍጥነታችሁን ወደ 45 ማይል አውርዱ። ፎርድ ኢ-450 ላይ ከማርሽ እጀታው ጫፍ ላይ ያለውን «ቶው/ሆል» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ይህ ከበራ ፍሬን ስትረግጡ ማርሹ ራሱ ወደ ታች ይወርድና ሞተሩ መኪናውን ይይዛል። ያኔ ሞተሩ ይጮኻል፤ የዙር መለኪያው 4,000 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ለዚያ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም። ብዙ ሰው ግን ጩኸቱን ፈርቶ ቁልፉን ያጠፋዋል፤ ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፍጥነቱ 50 ሲደርስ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ፣ 45 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፤ ፍሬኑ አየር አግኝቶ እንዲቀዘቅዝ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፊ ትከሻ ባለበት ወጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ውሃ አትድፉበት፣ የጋለ ብረት ይጣመማል። ፍሬኑ ጭራሽ እንቢ ካለ በመንገዱ ዳር በጠጠር የተሞላው የማምለጫ መውጫ ለጭነት መኪና ብቻ አይደለም፤ ሳታመነቱ ግቡበት።

በመልስ ጉዞ ደግሞ ሰው ደክሞ፣ ቤቱ የደረሰ መስሎት ይዘናጋል። ጄኔሲ ከተባለው ቦታ በኋላ የዴንቨር ሜዳ ወለል ብሎ ይታያል፤ ቁልቁለቱ ግን አላለቀም። የመንገድ ባለሥልጣኑ ለከባድ መኪና ሾፌሮች «አትታለሉ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ያቆመው በከንቱ አይደለም። በኤፕሪል 2019 ይህን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን አልይዝ ያለው የጭነት መኪና ሌክዉድ ላይ በቆሙ መኪናዎች ላይ ወጥቶ 4 ሰው ገድሏል። «ቶው/ሆል» ቁልፉ ሜዳው ላይ እስክትደርሱ ድረስ አይጥፋ።

ክብደትን የመቀነስ አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ የንጹሕ ውሃውን ታንክ ዴንቨር ላይ አትሙሉ። 40 ጋሎን ውሃ ወደ 330 ፓውንድ ይመዝናል። ለመንገድ መጸዳጃ ሩቡ ይበቃል፤ የቀረው ካምፕ ደርሳችሁ ይሞላል። ከኋላ ጥንድ ጎማዎች መካከል የውስጠኛውን ነፋስ ሳትለኩም አትነሡ። የነፋስ መሙያው ለመድረስ ስለማይመች ሰው ይዘለዋል፤ ጎደሎው ጎማ ይግልና ጓደኛውን ይዞ ይፈነዳል። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል። የጎማው ጎን ላይ ባለው ቁጥር መጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2317 ማለት የ2017 (እ.ኤ.አ.) 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ከ7 ዓመት በላይ የሆነውን አንቀበልም በሉ።

ግሌንውድ ልትደርሱ 12 ማይል ያህል ሲቀር መንገዱ ግሌንውድ ካንየን የተባለው ገደል ውስጥ ይገባል። በ2020 የግሪዝሊ ክሪክ ቃጠሎ የገደሉን ደን በልቶታል፤ በቀጣዩ ዓመት በሐምሌው ዝናብ ጭቃና ድንጋይ ወርዶ አይ-70 ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘጋ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ያን ገደል አሁንም ሊያዘጋው ስለሚችል፣ ጠዋት ማልዶ ማለፍ ይሻላል። ሲዘጋ የስልክ ካርታ ከጂፕሰም በኮተንውድ ፓስ ውጡ ሊላችሁ ይችላል። ለአር ቪ በፍጹም አይሆንም፤ ጠባብ ነው፣ ከፊሉም አስፋልት የለውም፣ ሁለት ሰፋፊ መኪና የማይተላለፍበት ቦታ አለው። ካርታው በአስፐን በኩል ኢንዲፔንደንስ ፓስን ካሳያችሁም እምቢ በሉ፤ 35 ጫማና ከዚያ በላይ የሆነ መኪና በሕግ የተከለከለበት መንገድ ነው፣ 25 ጫማውም ቢሆን ገደል አፋፍ ላይ ይጨነቃል። ለትልቅ መኪና የተመደበው ተለዋጭ መንገድ ከሲልቨርቶርን በመንገድ 9 ወደ ክሬምሊንግ፣ ከዚያ በዩ ኤስ 40 ወደ ስቲምቦት ስፕሪንግስና ክሬግ፣ በመንገድ 13 ወደ ራይፍል ወርዶ በአይ-70 ወደ ምሥራቅ መመለስ ነው። ብዙ ሰዓት ይጨምራል። ስቲምቦትም ራሷ ፍል ውሃ ያላት ከተማ ስለሆነች፣ ቦታ ከተገኘ እዚያው ማደር ከሌሊት ጉዞ ይሻላል።

ስለ ውሉ ደግሞ፦ በቀን የተጻፈው ዋጋ ሙሉው ዋጋ አይደለም። ብዙ ጊዜ የማይል ክፍያ፣ የጄኔሬተር ሰዓት ክፍያ፣ የማዘጋጃ ክፍያና ማስያዣ ለየብቻ ይመጣሉ። ደርሶ መልሱ ከከተማ ውስጥ ዙረት ጋር ወደ 360 ማይል ነው። ማይሉ ለምሳሌ 40 ሳንቲም ከሆነ 144 ዶላር ጨምሩ። መኪናው በጋሎን 8 ማይል ቢሄድ 45 ጋሎን ቤንዚን ይፈጃል። የግል መኪናችሁ ኢንሹራንስ አር ቪን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ የክሬዲት ካርዱ የኪራይ መኪና ዋስትናም እንዲሁ። ደውላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ከአከራዩ የሚገዛው ዋስትና ውስጥም ብዙ ጊዜ የጣሪያ ጉዳት፣ የመኪናው ሥር ጉዳት፣ ጎማና ከጎን የሚዘረጋው የጨርቅ ጥላ አይካተቱም። በብዛት የሚሰበሩት ደግሞ እነዚሁ ናቸው! ጥላውን ንፋስ ይገነጥለዋል፤ ከካምፑ ስትወጡ ወይም ስትተኙ እጠፉት። ስትረከቡ አራቱንም ማዕዘን፣ ጣሪያውንና የወለሉን ሥር በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ የማይሉንና የጄኔሬተሩን ሰዓት ቆጣሪም ጨምራችሁ።

ካምፑን በሚመለከት፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ኖ ኔም በሚባለው ኤግዚት 119 አካባቢ ብትይዙ ከዚያ እስከ ፍል ውሃው የሚያደርስ የእግርና የብስክሌት መንገድ በወንዙ ዳር አለ። ቢቻል ግን አንድ ትንሽ መኪና ተከትሏችሁ ይምጣ። አር ቪው አንዴ ከውሃ፣ ከመብራትና ከፍሳሽ ጋር ከተገናኘ ዳቦ ለመግዛት ብሎ ነቅሎ መሄድ አይታሰብም፤ በመሀል ከተማም የሚቆምበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው።

ወጥ ቤቱ ላይ የእኛ ሰው ችግር ከሌላው ይለያል። የካምፑ መስመር 30 አምፒር በሆነበት በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው ያላችሁ። የጣሪያው ኤሲ ወደ 13 አምፒር ይወስዳል። 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ 12.5 አምፒር ነው። ሁለቱ ብቻ 25 አለፉ ማለት ነው፤ ውሃ ማሞቂያው በመብራት ከበራ ዋናው ብሬከር ይወርዳል። ምጣዱን ከማይክሮዌቭ ጋር በአንድ መስመር ከሰካችሁት ደግሞ ዋናው ሳይደርስ ያ መስመር ይጠፋል። በቀጭን ማስረዘሚያ ገመድ ከውጭ መጋገርም መፍትሔ አይደለም፤ ገመዱ ይቀልጣል። እንጀራው ቤት ተጋግሮ ይምጣ፣ የሦስት ቀን እንጀራ ቦታም አይፈጅም። በመንገድ ላይ በጄኔሬተር እንጋግር ለሚሉ፦ ባለ 4,000 ዋቱ ጄኔሬተር በየ1,000 ጫማ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ግሌንውድ (5,760 ጫማ አካባቢ) ላይ 3,200 ዋት ገደማ፣ ዋሻው ከፍታ ላይ 2,500 እንኳ አይሞላም። የቤንዚን ታንኩ ሩብ ገደማ ሲደርስም ጄኔሬተሩ ቤንዚን መሳብ ያቆማል፤ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደውሉ።

ቡና። ከሰል አር ቪ ውስጥ አይነደድም፤ መስኮት ቢከፈትም፣ «ለአንዴ ብቻ» ቢባልም። ቤቱ ትንሽና ጥብቅ ነው፣ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛ ልጅ ሳይነቃ ይሞታል። ለዕጣንም ያው ነው። የጋዝ ማንቂያው ጮኸ ብሎ ባትሪውን የሚያወጣ ሰው አለ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ልጆች ይዞ መጓዝ የለበትም። በደጅ ከሰል ለማንደድም መጀመሪያ የአካባቢውን የእሳት እገዳ ጠይቁ። ሁለተኛ ደረጃ እገዳ ሲታወጅ ከሰልም ይከለከላል፤ መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን በአብዛኛው ይፈቀዳል፣ ቡናውም በዚያ ይቆላል። ፍሪጁ በጋዝም በመብራትም የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ለመቀዝቀዝ አንድ ሌሊት ይፈልጋል፤ መኪናው ተዛንፎ ከቆመም አይሠራም። ባዶውን ማታ አስጀምሩት። ለክትፎ የተገዛ ሥጋ በዚያ ፍሪጅ አይታመንም፤ በበረዶ ሳጥን ይምጣ።

ወጥ የተበላበትን ሳህን በቀጥታ ገንዳው ውስጥ አትጠቡ። ቅቤና ዘይቱ የእጥበት ውሃው ታንክ ውስጥ ረግቶ ቧንቧውን ይደፍናል፣ የመጠን ጠቋሚውንም ያሳስተዋል፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ይሸታል። አስቀድማችሁ በወረቀት ጥረጉት። ለመጸዳጃው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሊትር ውሃና መድኃኒቱ ይጨመርበታል፤ ቶሎ የሚሟሟ ወረቀት ብቻ ይገባበታል፣ የሕፃን መጥረጊያ በፍጹም። ካምፕ ላይ ፍሳሹ ስለተያያዘ ብላችሁ የመጸዳጃውን ታንክ ቧንቧ ክፍት አትተዉ፤ ውሃው ሄዶ ጠጣሩ ይከመራል፣ ያን የሚፈታው እኛ ነን፣ የሚከፍለው እናንተ። ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ብቻ ጓንት አድርጋችሁ ልቀቁት። ባለ 3 ኢንቹን ቱቦ መጀመሪያ ከጉድጓዱም ከመኪናውም በደንብ ግጠሙ፣ ከዚያ የመጸዳጃውን ክፈቱ፣ ሲያልቅ ዝጉ፣ ቀጥሎ የእጥበቱን ክፈቱ፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። የመጠጥ ውሃ ቱቦው ነጩ ነው፤ ከሌላው ጋር በአንድ ሳጥን አይቀመጥ። በተራራ ከተሞች የውሃ ግፊት ኃይለኛ ሊሆን ስለሚችል ቧንቧው ላይ ግፊት መቀነሻ ግጠሙ፤ ከ40 እስከ 50 ፒ ኤስ አይ ይበቃል።

ፍል ውሃው ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሶደሬና ወንዶ ገነት የዋለ ሰው ያውቀዋል። ያምፓ የሚባለው ምንጭ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ ይፈልቃል፤ ከ1888 ጀምሮ የሚዋኙበት ትልቁ ገንዳ ለብ ያለ ነው፣ ትንሹ ግን 40 ዲግሪ ነው። ትንሹ ውስጥ ከ15 ደቂቃ በላይ አትቀመጡ። ነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። የብር መስቀልና ሐብል አውልቃችሁ ግቡ፤ ማዕድን ያለበት ውሃ ብርን ያጠቁራል።

ጊዜ መምረጥ ለሚችል፣ ከሐምሌ ይልቅ እንቁጣጣሽ አካባቢ ይሻላል። ካምፑ ይገኛል፣ ኪራዩ ይቀንሳል፣ የከሰዓት ዝናቡም ያባራል። ግን ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ በአይ-70 ላይ የክረምት ጎማ ሕግ ይሠራል፤ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች መሆኑን፣ ጎኑ ላይም የጭቃና የበረዶ ምልክቱ መኖሩን አይታችሁ ተረከቡ።

ከጋዜጣው የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የአር ቪ ኪራይ ማስታወቂያ ስትቀበሉ ከአልጋው ቁጥር ጎን የቀበቶውን ብዛት፣ ወደ ፊት የሚያዩትን መቀመጫዎች ብዛት፣ ርዝመቱን በጫማና የማይሉን ዋጋ አስነጋሪው እንዲጽፍ አድርጉ። ሁለት መስመር ነው የሚጨምረው፤ የራሳችን ማስታወቂያም በዚሁ ይታይ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአር ቪ ኪራይና ጥገና ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ